መቀመጥ ያልሆነላቸው እንደራሴና አምባሳደር እናታችን

እናታችን ጥቅምት 9 ቀን 1939 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር ባለችው የወደብ ከተማ፣ ከጀልባ ሞተር ጠጋኙ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። አዋላጇ ቦርሳዋን ከፍታ ሳትጨርስ ከች ስላሉ አባታቸው በዚያው ዕለት «ጥድፌ» የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው። ለጨቅላ የወጣ ስም ቢሆንም ለአሮጊቷም ልክክ ብሎላቸው ኖሯል።

ያደጉት ከጀልባ መጠገኛው በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነው። ከታች ሞተር በተፈተሸ ቁጥር ከላይ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጩ ነበር። የቤቱ ሰው ሁሉ ከሞተሩ በላይ ጮክ ብሎ መናገር ለምዷል፤ እናታችን በምክር ቤት ውስጥ ድምፅ ማጉያ ሳይፈልጉ የኖሩት በዚያ የተነሳ ነው ብለው ወንድማቸው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በወደቡ ትምህርት ቤት ሲማሩ ከወንበራቸው ብድግ ብድግ ስለሚሉ መምህራቸው አባታቸውን አስጠርተው «ይህችን ልጅ ወንበሩ ነው የሚወጋት ወይስ እሷ ናት ወንበሩን የምትወጋው?» ብለው ጠየቁ። አባትየው «የኔ ጌታ፣ እኛም ቤት እንዲሁ ናት። ሥራ ይስጧት» ብለው መለሱ። መምህሩ ምክሩን ተቀብለው ጠመኔ ማምጣቱን፣ ሰሌዳ ማጥፋቱንና ደወል መደወሉን በሙሉ ለእናታችን ሰጡ። እናታችን በዚያ ዓመት አንደኛ ወጡ።

ሁለተኛ ደረጃን በዋና ከተማው አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው ጨረሱ። ተቀምጠው ማለት እንግዲህ የአነጋገር ልማድ ነው። ከዚያም በጸሐፊነት ማሠልጠኛ ገብተው ንግግርን በምልክት እየተከተሉ በፍጥነት የመጻፍን ሙያ ተማሩ። አስተማሪዋ ጋዜጣ ስታነብላቸው እሳቸው ጽፈው ጨርሰው የሚቀጥለውን ቃል ይጠብቁ ነበር ይባላል። በ1959 ዓ.ም. በሃያ ዓመታቸው በሕግ አውጪው ምክር ቤት የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሆነው ተቀጠሩ።

የጸሐፊዎቹ ጠረጴዛ ከአፈ ጉባኤው መድረክ ሥር፣ እንደራሴዎቹን ፊት ለፊት የሚያይ ጠባብ ጠረጴዛ ነበር። ሁለት ጸሐፊዎች በየሩብ ሰዓቱ ይፈራረቃሉ። ሌላዋ ጸሐፊ ተራዋ ሲያልቅ ጣቶቿን ታሻሽ ነበር፤ እናታችን ግን ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ሲያካልሉት ቆይተው ይመለሳሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ንግግር ጻፉ። ስለ ሐይቅ ዳር ሰዎች ችግር የሚያወራ እንደራሴ ሐይቅ አይቶ እንደማያውቅ ከአነጋገሩ ያውቁበታል፤ ያወቁትን ግን መናገር አይፈቀድላቸውም። አንድ ቀን አንድ እንደራሴ የመሻገሪያ ጀልባ ስልሳ ሰው ይጭናል ሲሉ እናታችን ብዕራቸውን ሳያነሱ «አርባ» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እናታችን ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ ማስጠንቀቂያው በክፈፍ ተደርጎ እስከ ዛሬ ቤታቸው ተሰቅሏል።

ከምክር ቤቱ ትይዩ መድኃኒት ቤት ነበር። እጃቸው በጽሕፈት ብዛት ዝሎ ቅባት ሊገዙ የገቡ ዕለት መድኃኒት ቀማሚው እጃቸውን አየት አድርጎ «ይህ እጅ ሁለት ሳምንት ማረፍ አለበት» አላቸው። «እጄ ካረፈ እንደራሴዎቹ ያለ ምስክር ይቀራሉ» አሉት። ነገሩ ሳቅ ሆኖ ተጀመረና በ1963 ዓ.ም. በጋብቻ ተጠናቀቀ። አባታችን እርጋታቸው ሰውን የሚያስተኛ፣ አንድ ክኒን ሦስት ጊዜ የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ። እነዚህ ሁለት ሰዎች እንዴት አንድ ቤት ቻላቸው ተብሎ ሲጠየቁ አባታችን «እኔ ቤት እጠብቃለሁ፣ እሷ ታልፋለች» ይሉ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ሴት፣ በ1969 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወለዱ። ይህን ጽሑፍ ያሰናዳችው ያቺው ሴት ልጃቸው ናት።

የወደቡ ከተማ እንደራሴ በሞት ሲለዩ እናታችን በ1968 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀው ለምርጫ ቀረቡ። ያኔ የሦስት ዓመት ሕፃን በእጃቸው ነበረች። ወንድማቸው የአባታቸውን ጀልባ እየነዱ፣ እሳቸው ከፊት ቆመው፣ በሐይቁ ዳር ያሉትን መንደሮች አንድ በአንድ አዳረሱ። «ዘጠኝ ዓመት ሌሎች ስለ እናንተ ያሉትን ስጽፍ ነበር። አሁን እኔ ልናገርና ሌላ ሰው ይጻፈው» ይሉ ነበር። በአራት መቶ አሥራ ሁለት ድምፅ ብልጫ አሸነፉ።

ከዚያ በኋላ አምስት የምርጫ ዘመን፣ ሃያ አምስት ዓመት፣ በዚያ ወንበር አገለገሉ። ወንበሩ በእርግጥ ብዙ አልተጎዳም። ንግግር ሲሰሙ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ወይም በመተላለፊያው ወዲያ ወዲህ እያሉ ነበርና የሥራ ባልደረቦቻቸው «ቋሚ ኮሚቴ» ብለው ጠሯቸው። አዲስ እንደራሴ መጥቶ የቋሚ ኮሚቴው ቢሮ የት ነው ብሎ ሲጠይቅ «ያቻት፣ በሩ ጋ ቆማለች» ይሉት ነበር። የመሻገሪያ ጀልባዎች ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የመንሳፈፊያ ሰደርያ እንዲይዙ የሚያዘው ሕግ የእሳቸው ነው። የወደቡ የወሊድ ክሊኒክ የእሳቸው ነው። ምክር ቤቱ ውስጥ ለሚያጠቡ ሠራተኞች የተሰጠችውንም ክፍል በአራት ዓመት ንትርክ ያስገኙት እሳቸው ናቸው።

ልጆቻቸው የዚያን ዘመን እናታቸውን የሚያስታውሱት በበር መዝጊያ ድምፅ ነው። ቁርስ ቆመው ይበላሉ፤ ከልጆቹ የቤት ሥራ ጋር የራሳቸውን ረቂቅ አዋጅ ያያሉ፤ ጫማቸውን እያጠለቁ የማባዛት ሰንጠረዥ ያስጠናሉ። ትንሹ ልጃቸው በአምስት ዓመቱ እናትህ የት ትሠራለች ሲባል «መኪና ውስጥ» ብሎ መልሷል። ይህ ለሳቅ ይነገራል። ሲነገር ግን እሳቸው አይስቁም ነበር።

በ1989 ዓ.ም. የሐይቁን ድንበር የሚመለከት ረቂቅ አዋጅ ለምክር ቤቱ ቀረበ። ሐይቁ የሁለት አገር ነው፤ የማዶው አገር ትልልቅ ጀልባዎች እየገቡ ዓሣውን እየጠረጉት ነበር። ረቂቁ መስመሩን ያለፈ ጀልባ ሁሉ እንዲወረስ፣ በውስጡ የተገኘውም ሰው እንዲታሰር የሚል ነው። እናታችን ረቂቁን ሦስት ጊዜ አነበቡና ያዘጋጁትን ባለሥልጣን «ይህ መስመር ውሃ ላይ በምን ይታያል?» ብለው ጠየቁ። «በካርታ ላይ ይታያል፣ ክብርት እንደራሴ» ተባሉ። መልሱ አልጣማቸውም። ነገር ግን ፓርቲያቸው አዋጁን ከደገፉ ለወደቡ ከተማ ጀልባ የሚታሰርበት አዲስ የድንጋይ መትከያ እንደሚሠራ ቃል ገብቶላቸው ነበር፤ መትከያውን ደግሞ ሃያ ዓመት ለምነዋል። አዋጁን ደግፈው ስድስት ደቂቃ ተናገሩ፤ እጃቸውን አወጡ። ተጨበጨበላቸው። መትከያውም ተሠራ።

የማዶው አገር አንድ ዓመት ቆይቶ ያንኑ ሕግ ቃል በቃል አወጣ። በጥር 1991 ዓ.ም. ጉም በሸፈነው አንድ ማለዳ ከወደቡ የወጡ አሥራ አንድ ጀልባዎች በማዶው ጠባቂዎች ተከበቡ። ሠላሳ አንድ ዓሣ አጥማጆች ተወሰዱ። እያንዳንዳቸው አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው።

ከታሰሩት የአንዱ ሚስት መረብ ሠሪ ነበረች፤ ዕድሜዋ ከእናታችን ሴት ልጅ ጋር እኩል፣ ሃያ ስድስት። በሚቀጥለው ሰኞ በእናታችን የወደብ ቢሮ ደጃፍ ተገኘች። እናታችን ወንበር ሰጧት፤ እሷ ግን ቆማ ቀረች። «እርስዎ ቆመው የተናገሩለት ሕግ ነው ባሌን የወሰደው» አለች። «የማዶዎቹ ሕግ ነው፣ ልጄ» አሏት። «ከማን ቀዱት?» አለች። መረብ ሠሪዋ ከዚያ ወዲህ ሰኞ በመጣ ቁጥር ትመጣለች። ሌላ ምንም አትልም። «ምን ተሰማ?» ብቻ ትላለች፤ «እስካሁን ምንም» ትባላለች፤ ትሄዳለች። እናታችን ስድስት ደብዳቤ ጻፉ፤ ሦስት ሚኒስትሮች ዘንድ ገቡ። የሚያገኙት መልስ ጉዳዩ እየታየ ነው የሚል ነበር። በዚያ ዓመት ክብደታቸው እጅግ ቀነሰ። አባታችን የጫማቸውን ሶል እያዩ «ይህች ሴት በእግሯ ማዶ ልትደርስ ነው» ይሉ ነበር።

በግንቦት 1992 ዓ.ም. በምክር ቤቱ መደበኛ ስብሰባ እናታችን ዕድል ጠይቀው ተነሱ። ከሦስት ዓመት በፊት ስለ ድንበሩ አዋጅ የተናገሩት ስህተት እንደነበረ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላቸው ጠየቁ። አፈ ጉባኤው «የተከበሩ እንደራሴ፣ ቃለ ጉባኤ የተባለውን ይመዘግባል እንጂ ሰው የተጸጸተበትን አያርምም» አሏቸው።

«ዘጠኝ ዓመት ጽፌዋለሁና አውቃለሁ፣ ክቡር አፈ ጉባኤ። ይታረምልኝ አላልኩም። ከሥሩ ይጨመርበት ነው ያልኩት። እጄን ያወጣሁት ለመትከያ ድንጋይ ነው፤ በድንጋዩ ፋንታ ሠላሳ አንድ ሰው ሄደ። ይህ ይጻፍልኝ።»

ከመድረኩ ሥር የነበረችው ወጣት ጸሐፊ አፈ ጉባኤውን ቀና ብላ አላየችም፤ ጻፈችው። ፓርቲው በሳምንቱ እናታችንን ከኮሚቴያቸው አነሳ፤ በሚቀጥለው ምርጫም አላቀረባቸውም። የፓርቲው መሪ ቢሯቸው አስጠርተው፣ ፈገግ እያሉ፣ «ማዶ ላሉ ሰዎች ይህን ያህል ካሰብሽ እዚያው ሄደሽ ለምን አትኖሪም? የአምባሳደር ቦታ ክፍት ነው፤ የሚፈልገው ሰው የለም» አሏቸው። ለማሽሟጠጥ ነበር፤ አፍ ለማስያዝም ነበር። እናታችን «መቼ ልነሳ?» አሉ።

በ1993 ዓ.ም. በሃምሳ አራት ዓመታቸው ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር ሆነው ተሾሙ። ኤምባሲ የተባለው ጣሪያው የሚያፈስ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነበር፤ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ሾፌርና ቁልፉ የጠፋ የብረት ሣጥን ነበረው። ዝናብ ሲመጣ ሾፌሩና ክብርት አምባሳደር ባልዲ ይዘው ፎቅ ይወጣሉ። አባታችን መድኃኒት ቤታቸውን መዝጋት ስላልፈለጉ በወር አንዴ በመሻገሪያ ጀልባ ይመጡ ነበር፤ ሲመጡም ሚስታቸውን ኤምባሲው ውስጥ አያገኟቸውም።

እናታችን ቀኑን የሚያሳልፉት የማዶው አገር የወህኒ ቤቶች መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ነበር። አምባሳደር እዚያ መሄድ የለበትም፤ ደንቡ በውጭ ጉዳይ በኩል ነው። የውጭ ጉዳይ የፕሮቶኮል ሹም ይህንኑ በደብዳቤ አሳሰቧቸው። እናታችን ደብዳቤውን አመስግነው ተቀብለው በማግስቱ እዚያው ኮሪደር ተገኙ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ይባላል፤ ወንበር ይቀርባል፤ እሳቸው አይቀመጡም። ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ። የኃላፊው ጸሐፊ በአራተኛው ሳምንት «እሜቴ፣ ስለ ፈጣሪ ብለው ይቀመጡ፤ እርስዎ ሲራመዱ እኔ ፊደል እገድፋለሁ» አለቻቸው። «አለቃሽ ያስገቡኝና ሁለታችንም እናርፍ» አሏት። በአምስተኛው ሳምንት ገቡ። ኃላፊው እስረኞቹን ማየት የሚቻለው ከውጭ ጉዳይ ሲፈቀድ ብቻ ነው ብለው መለሷቸው።

ከማዶው አገር የውጭ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ስብሰባ የጉብኝት ፈቃድ በሦስት ወር ውስጥ እንደሚሰጥ ተነገራቸው። ሦስት ወሩ አለፈ፤ ስድስት ሆነ፤ ዓመት ሞላ። በየስብሰባው ሌላ ምክንያት ይመጣል። በመጨረሻ ምክትል ሚኒስትሩ «እንዲህ ያለ ቃል የገባሁ አይመስለኝም» አሉ። እናታችን ከቦርሳቸው አንድ ደብተር አወጡ። በዚያ በድሮው የምልክት ጽሕፈታቸው ስብሰባውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሳቸው ጽፈው ነበር። ቆመው አነበቡት፦ ምክትል ሚኒስትሩ ምን እንዳሉ፣ ማን ጣልቃ እንደገባ፣ ሻይ መቼ እንደቀረበ። «ከዚህ በኋላ ክቡርነትዎ ሁለት ጊዜ ሳሉና ‹ሦስት ወር በቂ ነው› አሉ» ብለው ደብተሩን አጠፉት። ምክትል ሚኒስትሩ «ሳሌንም ጽፈውታል?» አሉ። «ሥራዬ ነበር» አሏቸው። ሰውየው ሳቁ። በስብሰባው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ፈቃዱ ይሰጣል፣ ቀኑ በስልክ ይነገርዎታል ተባለ።

ስልኩ የተደወለው ሚያዝያ 1995 ዓ.ም. በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። በዚያ ቅዳሜ የሴት ልጃቸው ሠርግ ነበር። እናታችን ልብሳቸው ተሰፍቶ፣ ሻንጣቸው ተዘግቶ፣ ለጠዋቱ ጀልባ በር ላይ ነበሩ። ጉብኝቱ ዛሬ ነው፣ ዛሬ ብቻ ነው ተባሉ። ሾፌሩ እንደሚናገረው ሻንጣቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ለአፍታ ቆሙ። ከዚያም ሻንጣውን አስቀመጡና «ወደ ወህኒ ቤቱ» አሉት።

ሙሽራዋ በአዳራሹ ፊት ለፊት አንድ ባዶ ወንበር እያየች ተዳረች። ወደ ማታው ላይ አንድ ቴሌግራም ደረሰ፦ «መምጣት አልቻልኩም። ይቅር በይኝ።» ምክንያት አልተጻፈበትም። ሙሽራዋ ለባሏ «ለእኔ ደርሳ አታውቅም» አለችው፤ ከዚያ ወዲያ እናቷን አላናገረችም። አሥራ አራት ወር ሙሉ አላናገረችም። ስልክ ሲደወል ባሏ ያነሳል፤ «የለችም» ይላል፤ እሷ አጠገቡ ቆማ።

በዚያ ቀን ወህኒ ቤቱ ግቢ ውስጥ የሆነውን ሰው ያወቀው ቆይቶ ነው። እስረኞቹ ተሰልፈው ወጡ። እናታችን ስማቸውን በቃላቸው ያውቁት ነበርና ያለ ወረቀት አንድ በአንድ ጠሩ። ሃያ ዘጠኝ ሰው አቤት አለ። ሁለት ስም ሲጠሩ መልስ አልመጣም። ደግመው ጠሩ። ከሰልፉ አንድ ሽማግሌ «እነሱ የሉም፣ እሜቴ። በመጀመሪያው ክረምት ንዳድ ወሰዳቸው። ከግንቡ ኋላ ናቸው» አላቸው። ከሁለቱ አንዱ የመረብ ሠሪዋ ባል ነበር። እናታችን ገና አምባሳደር ሳይሆኑ ሞቷል። መረብ ሠሪዋ ሰኞ ሰኞ «ምን ተሰማ?» ስትል፣ እሳቸውም «እስካሁን ምንም» ሲሏት፣ ሰውየው ከመሬት በታች ነበር።

በማግስቱ በመጀመሪያው ጀልባ ወደ ወደቡ ከተማ ተሻገሩ። መርዶ በሌላ ሰው አይላክም ብለው ሁለቱም ቤት ራሳቸው ሄዱ። የአንደኛው ሟች አባት ተቀብለው አብረዋቸው አለቀሱ። መረብ ሠሪዋ በሯን ከፍታ ሰማች፤ እስከ መጨረሻው ሰማች፤ በሩን ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ዓመት ያዩ ሁሉ እናታችን መሬት የነኩ አይመስላቸውም። በእኛ በኩልም አሥራ ሁለት የማዶ አጥማጆች ታስረው ነበር፤ እነሱ ሳይለቀቁ ማዶ አይለቅም። ስለዚህ አምባሳደሯ ከገዛ መንግሥታቸው ጋር ይደራደሩ ጀመር። ሰባት ጊዜ ተሻግረው መጡ። በድሮው ምክር ቤታቸው ኮሚቴ ፊት ቀርበው አዋጁ እንዲሻሻል፣ መስመሩ ውሃው ላይ በሚታይ ተንሳፋፊ ምልክት እንዲታወቅ፣ የሳተ አጥማጅ እንዲመለስ እንጂ እንዳይታሰር ጠየቁ። አንድ የቆየ ባልደረባቸው «ክብርት አምባሳደር የሚወክሉት የትኛውን አገር ነው?» ብለው ጠየቋቸው። «ሰው የታሰረበትን ሁሉ» አሉ። ማሻሻያው በዘጠኝ ድምፅ ብልጫ አለፈ፤ አሥራ ሁለቱም ተለቀቁ።

ሰኔ 22 ቀን 1996 ዓ.ም. ሃያ ዘጠኙ ዓሣ አጥማጆች በመሻገሪያ ጀልባ ወደ ወደቡ ተመለሱ። ከተማው በሙሉ ወጥቶ ነበር። ሴት ልጃቸውም ነበረች፤ ያመጧት አባታችን ናቸው፤ «ነይና እይ፣ ከዚያ ብትፈልጊ ተኮራረፉ» ብለዋት። አጥማጆቹ ወረዱ፤ ሕዝቡ ተቀበላቸው። ሁሉም ወርደው ካለቁ በኋላ ሁለት የሬሳ ሣጥኖች ወረዱ። እናታችን ከሣጥኖቹ ኋላ ነበሩ። አጽሙን ለማስለቀቅ ብቻ አራት ወር ፈጅቶባቸዋል። በልጃቸው ፊት አለፉና መረብ ሠሪዋ ዘንድ ሄደው ቆሙ። መረብ ሠሪዋ ሣጥኑን በእጇ ዳሰሰች፤ ከዚያ ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

እናታችን ያኔ ወደ ልጃቸው መጡ። «መሞታቸውን ያወቅሁት በሠርግሽ ቀን ነው» አሏት። «ደውዬ ምን ልበልሽ? ድምፄን ብትሰሚ ሠርግሽ ለቅሶ ቤት ይሆን ነበር።»

«ብትነግሪኝ አብሬሽ አለቅስ ነበር፣ እማዬ።»

«እሱን ስለማውቅ ነው ያልነገርኩሽ።»

እናትና ልጅ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ያንን መትከያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱት አያውቁም። ልጅቷ በሕይወቷ እናቷን ለመጀመሪያ ጊዜ እርምጃ ለእርምጃ የተከተለችው በዚያ ከሰዓት ነው። ሁሉም ነገር በዚያ ቀን አልታረቀም። ብዙው ግን ከዚያ ቀን ጀመረ።

እናታችን ሁለት ተጨማሪ ዓመት ተኩል አገልግለው በ1999 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ጡረታን የወሰዱት እንደ ሹም ሽር ነው፤ ለሌላ ሥራ ተዛወሩ። የሁለቱ አገሮች የሐይቅ ጉባኤ አባል ሆነው ሠሩ፤ ለምክር ቤቱ ወጣት የቃለ ጉባኤ ጸሐፊዎች ያለ ክፍያ አስተማሩ፤ የልጅ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ለማድረስ እየሄዱ የትምህርት ቤቱን የወላጆች ኮሚቴ በጠበጡ። አባታችን በ2006 ዓ.ም. በእንቅልፋቸው፣ እንደ ጠባያቸው በጸጥታ፣ አረፉ። ከዚያ ወዲህ እናታችን ቤቱ ጠበባቸው። ከክፍል ክፍል እየዞሩ «የሚጠብቀኝ ሰው ከሌለ ማለፌን ማን ያየዋል?» ሲሉ ልጃቸው ሰምታቸዋለች።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የልብ ድካም ጠናባቸውና ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ ከአልጋ እንዳይወርዱ አዘዘ። በሦስተኛው ቀን የተበላሸው አሳንሰር እንዲጠገን የሚጠይቅ ማመልከቻ የአርባ ሕመምተኞች ፊርማ ይዞ ለሆስፒታሉ ኃላፊ ደረሰ፤ ፊርማውን እየዞረች ያሰባሰበችው ነርስ ማን እንዳዘዛት አልተናገረችም። አሳንሰሩ ተጠገነ።

በዚያው አልጋ ላይ ልጃቸውን ጠርተው ስለዚህ ጽሑፍ ተናገሩ። «ሹመቴን አታብዢው። እጄን ማውጣቴን ጻፊ። ለምን እንዳወጣሁም ጻፊ። ሠላሳ አንዱን አስፈታች የሚል ሰው ካለ አርሚው፤ ሃያ ዘጠኝ ነው» አሉ። ልጃቸው «በለቅሶ ቀን ይህ ይነበባል እንዴ?» ብትላቸው «እኔ አልሰማውም፤ ለሚሰሙት ነው» አሏት። የተባለችውን ጽፋለች።

በጥር ወር መጀመሪያ መረብ ሠሪዋ ወደ ሆስፒታሉ መጣች። ሃያ ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም ነበር። በሩ ላይ ቆመች። እናታችን ግቢ አላሏትም፤ አዩዋት ብቻ። ገብታ ከአልጋው ጎን ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። «አልረሳሁም» አለች። «አትርሺ» አሏት። መረብ ሠሪዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ መጣች፤ የእናታችንን እግር እያሸች፣ አንዳንዴ መረቧን እየሠራች ትቆይ ነበር። ይቅር አላለችም፤ ይቅር አልልም ብላም አልተናገረችም። ልጃቸው ለውሃ ወይም ለሐኪም ስትወጣ ግን እናቷን ለእሷ ትታ መውጣት ጀምራ ነበር።

እናታችን የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በተገኙበት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ እናት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። የጀልባ ሞተር ጠጋኙ ታናሽ ወንድማቸው፣ መምህርት ሴት ልጃቸው፣ የመንገድ መሐንዲሱ ወንድ ልጃቸው፣ አማቾቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም በሐይቁ ሁለት ዳር ያሉ ወዳጆቻቸው በሐዘን ቀርተዋል።

ይህ ዝርዝር ሲዘጋጅ ቤተሰቡ የመረብ ሠሪዋን ስም ከዘመድ ጋር ለመጻፍ ፈቃድ ጠይቋታል። «ዘመድ አይደለሁም» አለች። ቀጥላም «ቀባሪ ናት በሉ» አለች። እንዳለችው ጽፈናል፤ ዛሬ ከፊት ረድፍ ከልጆቻቸው ጋር ናት።

ለደከሙት ሁሉ የሚያዝን አምላክ የእናታችንን ነፍስ ይቀበል፤ በሐይቁ ሁለት ዳር ያዘኑትን ሁሉ ያጽናና።